ዲ ላይ የተቀመጠ ድምፅ

ላፕቶፔ ላይ ያለችው፣ ስክሪኑን በድምፅ የምታነብልኝ ፕሮግራም የምትናገረው እንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ደስታም ሆነ ሐዘን አታውቅም። «ዲ ድራይቭን ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት መደረግ አለበት። ፎርማት ይደረግ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ሻይ ይደገም ወይ እንደሚል አስተናጋጅ ዘና ብላ። ጣቴ ኢንተር ላይ ነበር። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ስንት ዓመት ኪቦርድ ላይ የኖረ ጣት ከጆሮ ይቀድማል፤ ማሽኑ የሚጠይቀኝን ሁሉ እሺ እያልኩ ማለፍ ለምዶብኛል። ያን ቀን እግዜር ሲረዳኝ ጆሮዬ ቀደመ። ኢስኬፕ ተጭኜ ሁለት እጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ልጄ ስክሪኑን አንብባለች። «አባዬ፣ ፎርማት ይደረግ ነው እኮ የሚለው» አለችኝ።

«አይቻለሁ» አልኳት። ቤታችን ውስጥ የቆየ ቀልድ ነው፤ ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም።

ለማያውቅ ልንገር። ዲስክ እንደ ቤት በክፍል ይከፈላል፤ ክፍሉ ፓርቲሽን ይባላል። ሲ የሚባለው ክፍል ውስጥ ማሽኑ የሚሠራበት ነገር ይኖራል፤ ዲ የሚባለው ውስጥ ሰው የራሱን ዕቃ ያስቀምጣል። የሰፈር ጠጋኝ ሁሉ ሲን ያጸዳና «አይዞህ፣ ዲ አይነካም» ይላል። እኛም አምነን ውድ ነገራችንን እዚያ እንከምራለን። ፎርማት ማለት ያን ክፍል ባዶ ማድረግ ነው። እኔ ዲ ላይ የነበረኝ የሚስቴ ድምፅ ነው። ሚስቴ ከሞተች ሰባት ዓመት ሆኗታል፤ ድምፅዋ ያለው እዚያ ብቻ ነበር፤ ልጄም አጠገቤ የተቀመጠችው እሱን ልትሰማ ነበር።

ነገሩን ያበላሸው መብራት ነው። ሰበታ ላይ መብራት ሲመጣም ሲሄድም አያስፈቅድም። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ከሄደ ማሽኑም ያኔውኑ ድርግም ነው። ፎልደሩን ለልጄ ፍላሽ ላይ መገልበጥ እንደጀመርኩ መብራት ጠፋ፤ መጣ፤ እንደገና ጠፋ። ማሽኑ ሦስተኛ ጊዜ ሲነሳ ሲ ደህና ነው፤ ዲ ግን ስሙ ብቻ ቀርቷል። ፍላሹን ብንፈትሸው ባዶ ነው።

ኮፒ አልነበረህም ወይ እንዳትሉኝ። አልነበረኝም። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ኮፒ አስቀምጡ» እያልኩ ሰው የምጨቀጭቀው እኔ ነኝ፤ ነገረ ፈጅ ነኝ፣ እንጀራዬ ሰውን ማስጠንቀቅ ነው። የራሴን ግን ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ አስቀምጬ እንደ ዶሮ ታቅፌው ኖርኩ።

ለልጄ መኖሩን እንኳ አልነገርኳትም ነበር። ከሥራ ስገባ የጆሮ ማዳመጫዬን ሰክቼ ጥግ ስይዝ ዜና የምሰማ ይመስላታል። እኔ እኮ ሚስቴ ስለ ኪራይ ውል ስታነብ እየሰማሁ የማለቅስ ሰው ነኝ፤ ይህን ለማን ይነግሯል? ያወቀችው ዲስኩ ከተበላሸበት ቅዳሜ በፊት በነበረው ሳምንት ነው። ሽንኩርት እየከተፈች፣ እንዲሁ እንደ ቀላል ነገር፣ «አባዬ፣ የእማዬን ድምፅ እኮ ረስቼዋለሁ» አለችኝ። ፊቷን አልረሳሁም፣ ፎቶ አለ፣ ድምፅዋ ግን ጠፍቶብኛል አለች። ሱሉልታ ያለችው አክስቷ ዘንድ የሠርጋችን ቪዲዮ አለ፤ እሱንም ሄዳ አይታዋለች። ከዳር እስከ ዳር መዝሙር ነው፤ ሙሽራዋ አንድ ቃል አትናገርም።

«እኔ ጋ አለ» አልኳት።

ቢላዋው ቆመ። «ምኑ?»

«ድምፅዋ። ላፕቶፑ ላይ። ብዙ ነው፤ መጽሐፍ መጽሐፍ የሚያህል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዱሮም ነበር።»

ልጄ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ስትናደድ አትጮህም፤ በዚህ እናቷን ነው የወጣችው። ሽንኩርቱን ከትፋ ጨረሰች፣ እጇን ታጠበች፣ ከዚያ «ሰባት ዓመት ብቻህን ስትሰማት ኖርክ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ሰስቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ያኔ ሕፃን ነበርሽ፣ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ምናምን እያልኩ ቀባጠርኩ። ቅዳሜ አሰማሻለሁ፣ እስከዚያ ያማረ ያማረውን ልምረጥልሽ አልኳት። ሳምንቱን ሙሉ ስመርጥ ሰነበትኩ። መርጬ ጨርሼ ቅዳሜ ልሰጣት ስል ነው ይህ የደረሰው።

ድምፁ እንዴት እንደተከማቸም ልንገራችሁ። እኔ የተወለድኩት መናገሻ ጫካ ሥር ካለ መንደር ነው፤ በልጅነቴ ሰበታ አምጥተው ዓይነ ስውራን የሚማሩበት ትምህርት ቤት አስገቡኝ፤ እዚያው አድጌ እዚያው ቀረሁ። በኛ ጊዜ የብሬል መጽሐፍ ለአንድ ክፍል አንድ ቢገኝ ነው። ሌላውን የምንማረው በአንባቢ ነው፤ ዓይን ያለው ሰው ስንለምነው ያነብልናል፣ እኛ እንቀዳለን፣ ቅጂውን እየመላለስን እናጠናለን። ጥሩ አንባቢ ያገኘ ያልፋል፤ ያላገኘ በር ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን «አንድ ገጽ ብቻ» ሲል ይውላል። እኔም ብዬአለሁ።

ሥራ ፍለጋ ላይ ሳለሁ የተከራየሁት ክፍል ጎረቤት አንዲት ልጅ ነበረች። ከደቡብ የመጣች፣ ክር ፋብሪካ የምትሠራ፣ ጴንጤ። እሑድ ከቸርች ስትመለስ መጽሐፍ ቅዱሷን ድምፅ አውጥታ ታነባለች፤ በጣቷ እየተከተለች እንደምታነብ ከአነባበቧ ያስታውቃል። አንድ እሑድ ድፍረቱ መጣልኝና አንኳኳሁ።

«እህቴ፣ ጥቂት ገጽ ታነቢልኛለሽ?»

«ምንድን ነው?»

«የሥራ ፈተና ነው።»

«እኔ እንኳ የሚገባኝ አይመስለኝም።»

«አንቺ አንብቢ፤ መግባቱን ለኔ ተዪው።»

ሳቀች። ያን ዕለት የሳቀችው ጥሩ ቀልድ ስለመሰላት ነው፤ እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። እንዲህ ተጀመረ። ፈተናውን አለፍኩ፣ ተጋባን፣ ልጃችን ተወለደች። ልጅቷ አምስት ዓመት ሲሆናት እኔ በኤክስቴንሽን ሕግ መማር ጀመርኩ። አምስት ዓመት ሙሉ ከፈረቃዋ ስትመለስ ትንሿን መቅጃ ጠረጴዛው ላይ አድርገን ትቀመጥልኛለች። የመጨረሻውን ፈተና እስክፈተን ድረስ አንድ ኮርስ ሳይቀር አነበበችልኝ። ዲግሪው ላይ የተጻፈው የኔ ስም ብቻ ነው።

ሰኞ ዕለት መጀመሪያ የሄድነው እዚሁ ሰበታ፣ ታክሲ መያዣው አጠገብ ወዳለ ጠጋኝ ነው። ላፕቶፑን ከፈተ፣ ትንሽ ጠቅ ጠቅ አደረገ፣ «ጋሼ፣ ፎርማት ነው መፍትሔው። አዲስ ነው የሚሆንልዎት» አለኝ።

 «አዲስ ምን ያደርግልኛል? አሮጌውን ነው የምፈልገው!» ብዬ ጮህኩበት። እነዚህ ልጆች ሆስፒታል ቢቀጠሩ ለራስ ምታት ራስ ነው የሚቆርጡት። ልጁ ግን ክፉ አልነበረም። «እንግዲያው ውስጡ ያለውን ከሆነ የሚፈልጉት እኔ አልችልም፤ አልዋሽዎትም። ቡራዩ አንድ ሰው አለ፣ የሞተ ዲስክ ላይ ነው ሥራው» ብሎ ቦታውን ለልጄ ነገራት። ማመስገን ነበረብኝ፤ ዝም ብዬ ወጣሁ።

በማግሥቱ ላፕቶፑን በሹራብ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ልጄ ክንዷን ሰጥታኝ፣ በሚኒባስ አየር ጤና፣ ከዚያ ዊንጌት፣ ከዚያ ቡራዩ ሄድን። ረዳቱ «እሱ የት ነው የሚወርደው?» ብሎ ልጄን ይጠይቃታል። «እሱ አፍ አለው፤ እሱን ጠይቀው» አልኩት። ከኋላ አንዲት ሴትዮ «ውይ፣ ምስኪን» አለች። መልስ ልሰጣት ዞር ስል ልጄ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ስቆጣ እንዲህ ነው የምታበርደኝ። «ስለ እማዬ ብለህ ዛሬ ከሰው አትጣላ» አለችኝ በጆሮዬ።

የቡራዩው ሰው ሱቅ አስፋልት ዳር ነው፤ የአምቦ መንገድ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። «አካም ነጉማ፣ ኦቦ» ብሎ ተቀበለኝ፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ረጋ ያለ ድምፅ አለው። በኦሮምኛ ጀምረን እንደ ሁላችንም መሀል ላይ ወደ አማርኛ ገባን። እንደ ሰበታው ዘሎ አልከፈተውም።

«ከተበላሸ በኋላ ምን አድርጋችሁበታል?»

«ምንም። አጥፍተን ጠቀለልነው።»

«ጎበዝ። አብዛኛው ሰው እኮ አንዴ ላስተካክለው ብሎ ነው የሚገድለው።»

ዲስኩን አውጥቶ ከራሱ ማሽን ጋር ሲያገናኘው እኔ ከሱ በፊት ሰማሁት። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ዝም፣ ጠቅ። «ይሄ ነገር ደህና አይደለም» አልኩት። «ጆሮዎ ጥሩ ነው» አለ፤ አልሳቀም። ከዚያ አሠራሩን አስረዳን። የታመመ ዲስክ ላይ ምንም አይጻፍም፣ እሱ ላይ ጥገናም አይሞከርም፤ መጀመሪያ እንዳለ፣ ከነቁስሉ፣ ወደ ጤነኛ ዲስክ ይገለበጣል፤ የማይነበብ ቦታ ሲያጋጥም ተዘሎ ይታለፋል። ፍለጋው የሚካሄደው ግልባጩ ላይ ነው። «የፋይሎቹ ስም የተጻፈበት ዝርዝር ጠፍቷል፤ ስለዚህ ስም አይኖራቸውም። ድምፅ የሚመስለውን ሁሉ ለቅሜ በቁጥር ነው የማወጣላችሁ። ቃል ግን አልገባም» አለ።

«ምንድን ነው የምንፈልገው? የሥራ ነው?» ሲል ልጄ ቀደመችኝ።

«የእናቴ ድምፅ ነው» አለችው።

«እሺ፣ እህቴ» አለ ሰውየው።

ከሳምንት በላይ ፈጀ። ቡራዩም መብራቱ ያው ነው፤ አንድ ቀን ይኖራል፣ አንድ ቀን የለም። ልጄ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ቢሮ ትደውልልኛለች። «ደወለ?» «አልደወለም።» «አንተስ ደወልክለት?» «ሰውየውን ሥራ አስፈታሁት እኮ፣ ተይኝ!» ከዚያ ስልኩን ዘግቼ እኔው እደውልለታለሁ። ቤት ስገባ የጆሮ ማዳመጫዬን ከልማድ አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ሚስቴን ሁለተኛ የቀበርኳት መሰለኝ። በዚህኛው ደግሞ ድንኳን የሚጥል፣ አይዞህ የሚል ሰው የለም፤ ሰው ሰብስቤ ፓርቲሽን ሞተብኝ ልበል? ሥራ ላይ አንድ ቀላል ክርክር ላይ ዳኛው ፊት ቃል ጠፋኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም።

በመጨረሻ ደወለ። «ኦቦ፣ ይምጡ» አለኝ።

«ተገኘ?»

«የተገኘ አለ። ግን መጀመሪያ ብቻዎን ቢሰሙት ይሻላል።»

 ለልጄ ስብሰባ አለኝ ብዬ በማግሥቱ ጠዋት ብቻዬን ሄድኩ።

ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። በሥነ ሥርዓት ስም ሰጥቼ ያስቀመጥኳቸው፣ ሰባት ዓመት የሰማኋቸው፣ ለልጄ የመረጥኳቸው ሁሉ ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር የሉም። ዲስኩ የተጎዳው እነሱ የተኙበት ቦታ ላይ ነው። «ግን ሌላ ብዙ ነገር ወጣ» አለኝ። «ያጠፏቸው።»

«ምን ያጠፋሁት?»

«ሰው ፋይል ሲያጠፋ ማሽኑ የሚሰርዘው ስሙን ከዝርዝሩ ላይ ነው። ድምፁ ራሱ፣ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ፣ እዚያው ይተኛል። የእርስዎ ዲስክ ሰፊ ነበር፣ ብዙም አልተጻፈበት። በደህና የተገኙት ያጠፏቸው ናቸው።»

እንግዲህ ማፈሪያዬን ልናገር። እኔ ሚስቴ ያነበበችልኝን እንዳለ አላስቀምጥም ነበር። ድምፅ መቁረጥ ተምሬ ነበር፤ በጆሮዬና በኪቦርዱ ቀስቶች ብቻ። የተቀዳውን ዲ ላይ አስገባና ስትሳሳት እቆርጣለሁ፣ ስታዛጋ እቆርጣለሁ፣ ውኃ ስትጠጣ፣ በር ሲንኳኳ፣ ስትስል፣ ሁሉንም ጫፍና ጫፉን ይዤ አወጣለሁ። የጸዳውን ስም ሰጥቼ አስቀምጬ ዋናውን አጠፋለሁ። በዚህ ሥራዬ የነበረኝ ኩራት! አብረውኝ የሚማሩት ዓይነ ስውራን የኔን ቅጂ ይሻሙበት ነበር። «ስማ፣ ያንተ ሚስት ትንፋሽም አትወስድ እንዴ?» ይሉኛል። እኔም እስቃለሁ።

የጆሮ ማዳመጫውን አቀበለኝ። መጀመሪያ ወንበር ሲሳብ ይሰማል፤ ከዚያ እሷ። «ተጀመረ?» አለች። ድምፅዋ እኔ ከማውቀው የወፈረና የደከመ ነው። አንድ አንቀጽ አነበበችና ሳል ያዛት፤ ቶሎ የሚለቅ ሳል አይደለም። «ይቅርታ፣ ከላይ ልጀምረው» አለች። ከዚያ የኔ ድምፅ መጣ። «ከላይ አይደለም፣ ‹ስለዚህ› ከሚለው ጀምሪ። ሳሉ ሲመጣ ደግሞ አፍሽን ያዝ አድርጊ እንጂ፣ ሥራ አበዛሽብኝ እኮ!»

 አፍሽን ያዝ አድርጊ ነው ያልኳት።

ሰውየው ቀጣዩን ከፈተ። «ዛሬ ድርብ ፈረቃ ነው የሠራሁት። ደረቴን ይወጋኛል። ነገ ብናነበው ምን አለ?» ትላለች። «ሁለት ገጽ ለቀረው? ጨርሺና ትተኛለሽ» እላለሁ። ጨረሰችው፤ እስከ መጨረሻዋ መስመር ሰማኋት። በሌላው ላይ በር ተከፍቶ ትንሽ ልጅ ትገባለች። «እማዬ፣ ነይ እዪልኝ» ትላለች። ልጄ ናት። «ቆይ የኔ እናት፣ አባባ ይቆጣል» ትላታለች እናቷ። እኔም ተቆጣሁ፤ በጆሮዬ ሰማሁት። በሌላው ላይ ደግሞ እኔ የለሁም፤ መቅጃውን ሳላጠፋው ወጥቻለሁ። እሷ ብቻዋን በአገሯ ቋንቋ ታወራለች። ትጸልይ ይሆናል፣ ስሞታ ይሆናል። ሦስት ቋንቋ እችላለሁ እያልኩ የምጎርር ሰውዬ የሚስቴን ቋንቋ አንድ ዓረፍተ ነገር አልተማርኩም። ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሳሉ ግን ሁሉም ላይ አለ። አንዱም ላይ አልቀረም። ከፋብሪካ ስትመጣ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ ይኖራል፤ በጣቴ እለቅምላት ነበር፤ ደረቷን ግን አልጠየቅኳትም። ስመረቅ አዳራሽ ውስጥ ስሜ ሲጠራ አጠገቤ አልነበረችም፤ እንዳትረብሽ ብላ ውጭ ወጥታ ስትስል ነበር። «አቧራው ነው» አለችኝ፣ አመንኳት። በኋላ ነገሩ ሲብስ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ «ሳሉ ከጀመረ ስንት ጊዜ ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። እሷ አልመለሰችም፤ እኔ ነኝ የመለስኩት። «አንድ ወር ቢሆን ነው» አልኩት። አልዋሸሁም፤ እውነት መስሎኝ ነው። እኔ በየቀኑ የማዳምጣት ሚስቴ አታስልም ነበር፤ የምታስለዋን ቆርጬ አውጥቻት ነበር። እሷም አጠገቤ ተቀምጣ አላረመችኝም። በሁለተኛው ቀጠሮ ሐኪሙ በጣም ዘግይታችኋል አለን። በዚያው ዓመት ሞተች።

ሰው ሱቅ ውስጥ፣ የሰው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ዓይኔ አያይም እንጂ እንባ ያውቅበታል። ሰውየው በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋውና ጠበቀኝ።

«ኦቦ» አለኝ ከቆየ በኋላ፣ «ከፈለጉ ላጸዳው እችላለሁ። የእርስዎን ድምፅ ላውጣ፣ ሳሉንም ላውጣ፤ ንባቧ ብቻ ይቀራል። ልጅቷ የምትሰማው እሱን ብቻ ይሆናል።»

ከልቡ ነው፤ ደግ ሰው ነው። እኔም እውነቱን ልናገር፣ አዎ ማለት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ልጄ የጠየቀችው የእናቷን ድምፅ ነው፤ አባቷ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር መቼ ጠየቀችኝ? ከዚያች ልጅ ሌላ በዚህ ዓለም የቀረኝ ሰው የለም። እሷን ካጣሁ ምን ይዤ እቀራለሁ?  ግን ባለፈው ማጽዳቴ ምን እንዳመጣ ገና መስማቴ ነበር።

«አትንካው» አልኩት። «እንዳለ ስጠኝ።»

ፍላሹን የሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ይዤ ተመለስኩ። ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ጊዜ በመስኮት ልወረውረው አስቤአለሁ፤ ማን ያየኛል? አየር ጤና ስወርድ አንድ ሰው ሳይጠይቀኝ ክንዴን ጨምድዶ አሻገረኝ። ሌላ ቀን ቢሆን አፌን እከፍትበት ነበር፤ ዝም ብዬ ተከተልኩት።

ቤት ስደርስ ልጄ በሩን ከፈተችልኝ። «ስብሰባ አልነበረም፣ አይደል?» አለችኝ።

«አልነበረም።» ፍላሹን ሰጠኋት። «እናትሽ ተገኝታለች። እኔም አለሁበት። እዚያ ውስጥ ጥሩ ሰው አይደለሁም፤ ከመስማትሽ በፊት እንድታውቂው ብዬ ነው።»

 ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ከሰዓቱን ሙሉ ሳሎን ተቀመጥኩ። ግድግዳችን ስስ ነው፤ ቃሉ አይለይም እንጂ ድምፁ ይሰማል። እሷ ታነባለች፣ ታስላለች፤ እኔ እጮሃለሁ። በግድግዳ በኩል ሲሰማ ሚስቴ ጓዳ ውስጥ ያለች ይመስላል፤ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ልሄድ ቃጥቶኝ ነበር። ልጄ አንዷን ደጋገመቻት። የትኛዋ እንደሆነች ከርዝመቷ አወቅኳት፤ ቆይ የኔ እናት የምትልባት ናት። ከዚያ ጸጥ አለ። በኋላ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ይሄ ስለ ውል የምታነበው የስንተኛ ዓመት ትምህርትህ ነው?»

ፋይሎቹ ስምም ቀንም የላቸውም፤ ልጄ ግን የነገረ ፈጅ ልጅ ናት፣ መንገዱን አታጣውም። «የመጀመሪያ ዓመት» አልኳት።

«ስትመረቅ እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ።»

«አዎ።»

«በዚያ ሁሉ ዓመት ታስል ነበር ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ሆስፒታል እኔም ነበርኩ እኮ፣ አባዬ። አንድ ወር ስትል ሰምቼሃለሁ።»

 ይቅርታ ልላት ፈልጌ ነበር፤ ግን ይቅር ልትለኝ የሚገባት እሷ አይደለችም። ተነስታ ምግብ አቀረበችልኝ፤ ወጡ በየት በኩል እንዳለ እንደ ሁልጊዜው ነገረችኝ፤ ራሷ ግን አልበላችም።

እናቷ ከሞተች ጀምሮ የመሥሪያ ቤቴን ወረቀት እሑድ ከሰዓት የምታነብልኝ ይህችው ልጄ ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር ስትጀምር። በዚያው እሑድ ከልማድ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። መጣች። ወረቀቶቹን አነሳች፣ ጠርዛቸውን አስተካከለች፣ መልሳ አስቀመጠቻቸው።

«አባዬ፣ ዛሬ አላነብም» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት።

ምክንያት አልሰጠችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጫማዋ በበሩ ሲወጣ ሰማሁ። ብቻዬን ቁጭ ብዬ፣ እናቷ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብላኝ ታውቅ እንደሆነ ላስታውስ ሞከርኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት «አላነብም» ስትል አንዴም ሰምቻት አላውቅም። ብላኝ ከነበረም ቆርጬ አውጥቼዋለሁ።